የተቀዳ ውኃ

አማርኛ አንዳንድ ጊዜ ከተናጋሪው ቀድሞ ያስባል። «ቀዳ» የሚለውን ግስ ብቻ ተመልከቱልኝ። ልጅቱ ምንጭ ወርዳ በእንስራዋ ውኃ ትቀዳለች። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ከጎኑ ከተቀመጠው መጽሐፍ ዳዊት ይቀዳል። ጎረምሳው ከጓደኛው ስልክ ዘፈን ይቀዳል። ሦስቱም ሥራ በአንድ ግስ ይጠራል፤ ሦስቱም ከምንጭ ተነሥቶ ዕቃ ውስጥ የሚያልቅ ጉዞ ነው። «ገለበጠ»ንም ጨምሩበት። ከጓደኛው ወረቀት መልስ የገለበጠ ተማሪና መኪና የገለበጠ ሾፌር የሚከሰሱት በአንድ ግስ ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይቺን እያነሣሁ ተማሪዎቼን አስቅ ነበር። ለካ ነገሩ ከቀልድ ያለፈ ኖሯል።

የኮምፒውተር ሰዎች «ሚረር» የሚሉት ነገር አላቸው። መስታወት ማለታቸው ነው። ይሄም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ግዕዙ መስታወትን «መጽሔት» ይለዋል፤ ዛሬ ከአዟሪ እጅ የምንገዛው መጽሔት ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። እንግዲህ በጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ስለ መስታወት ቢያወራ ከሙያው ወጣ አይባልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚሠራው ሰዎች በጻፉለት ትእዛዝ ነው፤ ጽሑፉ «ኮድ» ይባላል። ብዙ ኩባንያዎች ኮዳቸውን እንደ መድኃኒት ዐዋቂ ቅጠል ደብቀው ይይዛሉ። ሌሎች ግን ማንም እንዲያነበው፣ እንዲቀዳው፣ እንዲያርመው ፈቅደው ይለቁታል። ይኸኛው «ኦፕን ሶርስ» ይባላል፤ ክፍት ምንጭ ልንለው እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የፊንላንድ ተማሪ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ፣ የጀመረው ሊኑክስ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ የኮድ መስመር ሆኗል፤ በእጃችን ያለው አንድሮይድ ስልክ ሳይቀር በእሱ ላይ የቆመ ነው። ኮዱ በአንድ ዋና ማኅደር ይቀመጣል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች በየቀኑ ያርሙታል። ከማኅደሩ ርቆ የሚኖር፣ ኢንተርኔቱ የሚንቀረፈፍበት ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? የማኅደሩን ሙሉ ቅጂ በአጠገቡ ያስቀምጣል። መስታወቱ ይሄ ነው። ዋናው በተለወጠ ቁጥር ግን ቅጂውም መለወጥ አለበት። መስታወት ፊት ቆማችሁ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ፊታችሁን ቢያሳያችሁ መስታወት ሳይሆን ፎቶግራፍ ነው የሚባለው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የእህቴ ልጅ ሞጣ ከተማ ውስጥ በአንድ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። ኃላፊ ይባል እንጂ ጽዳቱም፣ ጥገናውም፣ ጥበቃውም እሱ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር አንሥቶ፣ ሃርድ ዲስክ ለምኖ፣ ተማሪዎቹ የሚማሩባቸውን የክፍት ምንጭ ፕሮግራሞች ቅጂ አስቀመጠበት። ቢቸና ላይ የሚያስተምር ጓደኛው ደግሞ ከእሱ ቀድቶ ሁለተኛ ቅጂ ያዘ። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ዋና ከተማ ናቸው፤ ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ያገናኛቸዋል። ልጆቹ በዚህ መንገድ ላይ ሁለት እንስራ አስቀመጡ በሉት።

መጀመሪያ ሲነግረኝ እኔም እንደ አገሬ ሰው፣ «አሁን ይሄ ምን ይረባል? ሲፈለግ ከኢንተርኔት አይወርድም?» ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ ሲኖር እኮ ነው» አለኝ።

ሲኖር እኮ ነው። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ተቋረጠ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተቋርጦ ሳምንታት ቆየ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱ ድርግም አለ፤ መዘጋቱም ወራትን ተሻገረ። የነገሩን ፖለቲካ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የማወራው አንድ ክፍል ውስጥ ስለተቀመጡ ልጆች ነው። የመመረቂያ ሥራቸውን ጀምረዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ቁራጭ ኮድ ውጭ አገር ነው፤ በሩ ተዘግቷል። ያኔ ያ የተጣለ ኮምፒውተር የከተማው ብቸኛ ምንጭ ሆነላቸው። ከአጎራባች ትምህርት ቤት ሳይቀር ፍላሽ ይዘው ይመጡ ነበር አለኝ።

ይሁንና ገንቦ ውስጥ የሰነበተ ውኃ ይሸታል። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሲያልፍ ቅጂው ከምንጩ እየራቀ ሄደ። የስህተት ማረሚያው ወጥቷል፤ ሞጣ ግን አልደረሰም። እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት፤ ከመምህርነት ወደ ፖስተኛነት ዝቅ፣ ወይም ከፍ፣ ያልሁት።

ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 «ጊት» የሚባል መሣሪያ ሠርቷል። ጊት እያንዳንዱን እርማት ማን አረመው፣ መቼ አረመው፣ ከየትኛው እርማት ቀጥሎ መጣ ብሎ እንደ ትውልድ ሐረግ ይመዘግባል። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ቁጠባውን ነው። ከዋናው ማኅደር ሙሉውን ደግሞ አያመጣም፤ ልዩነቱን ብቻ ነው የሚያመጣው። ያንን ልዩነት በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ ማጓጓዝም ይቻላል። ስለዚህ ሴት ልጄ አዲስ አበባ ቤታችን ተቀምጣ በየሁለት ሳምንቱ ልዩነቱን ትጠቀልላለች፤ እኔ ፍላሿን በፖስታ አሽጌ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን የአውቶቡስ ረዳት ይቀበለኛል። «ምንድን ናት አባባ?» ይለኛል። «እርማት ናት» እለዋለሁ። የፈተና ወረቀት መስሎት በጥንቃቄ ይይዝልኛል።

በዚህ መሐል አንዷ ፍላሽ መንገድ ላይ ቀረች። ቀጣይዋ በሰላም ሞጣ ደረሰች፤ ማኅደሩ ግን አልተቀበላትም። ለምን ቢባል፣ ጊት ጥቅሉን ከመቀበሉ በፊት «ይሄ እርማት የቆመበት ቀዳሚ እርማት አንተ ዘንድ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ በጭራሽ። አምስተኛውን ክፍል ሳያልፍ ስድስተኛ ልግባ እንዳለ ልጅ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ዘዴ ዘየዱ። ልጄ ጥቅሉን የምትጀምረው ካለፈው ከላከችው ሳይሆን፣ ሞጣ ደርሷል ተብሎ ከተረጋገጠላት ነው። መሐል ላይ አንዷ ብትጠፋ ቀጣይዋ የጠፋችውንም ይዛ ትሄዳለች። ደብዳቤ ስንጽፍ «ባለፈው የጻፍኩልህ ካልደረሰህ» ብለን ነገሩን እንደምንደግመው ማለት ነው።

መድረሱ የሚረጋገጠው እንዴት ነው? እያንዳንዱ እርማት 40 ፊደልና ቁጥር የሆነ የጣት አሻራ አለው። ከኮዱ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው በሙሉ ይለወጣል፤ የአባቱ አሻራ በልጁ ውስጥ ስላለ ከኋላ ሄዶ የጥንቱን መነካካትም አይቻልም። ስልክ ሲሠራ የእህቴ ልጅ ይደውልና የመጨረሻውን አሻራ የመጀመሪያ ሰባት ምልክቶች ያነብልኛል። ፊደሎቹ ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት ስድስት ብቻ ናቸው። መስመሩ ሲንኮሻኮሽ እንዳንሳሳት የራሳችንን አጠራር አወጣንላቸው፤ ኤ እንደ አዴት፣ ቢ እንደ ቢቸና፣ ሲ እንደ ጮቄ፣ ዲ እንደ ደጀን፣ ኢ እንደ እነማይ፣ ኤፍ እንደ ፈረስ ቤት። አንድ ምሽት «ደጀን፣ ዘጠኝ፣ ቢቸና፣ ቢቸና፣ አራት፣ ጮቄ፣ ሁለት» እያልኩ ስጽፍ የሰማች ጎረቤታችን፣ «ጋሼ ደግሞ በስተርጅና የአውቶቡስ ሥምሪት ጀመሩ እንዴ?» ብላ ቤቱን በሣቅ ሞላችው።

ሞጣ ላይ ይህን ዓይነቱን ነገር የሚያውቁት ከኮምፒውተር በፊት ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በነገሥታተ ጎንደር ዘመን የተሠራ፣ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ጦርነት ጊዜ አንዱ ቅስቱ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሰው እንዴት ይሻገር ነበር? ከዚህና ከዚያ የቆሙ ጎበዞች ገመድ ይዘረጋሉ፤ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ፣ ዓባይ ከሥሩ እያገሣ፣ በገመድ ይሳባል። ያ ገመድ ድልድይ አልነበረም። ግን የሚጎትተው ሰው ስለነበረ ገበያውም፣ ለቅሶውም፣ ሠርጉም አልቀረም። የእኛም ፍላሽ ኢንተርኔት አይደለችም። ገመዱን የሚይዝ ሰው በሁለቱም ወገን እስካለ ድረስ ግን ታሻግራለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የእህቴ ልጅ መንገድ ተከፍቶለት አዲስ አበባ በመጣበት ሰሞን፣ አንድ የዲማ መሪጌታ ለሕክምና መጥተው እኛ ቤት ዐርፈው ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ ማለት ያው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»ም አገር ሁሉ ያወቀው፣ ከቢቸና የማይርቀው ደብር ነው። መሪጌታ ከራት በኋላ የልጁን ወሬ በትዕግሥት አዳመጡ። ቅጂ፣ እርማት፣ አሻራ፣ ፍላሽ። ሲጨርስ መቋሚያቸውን ከግድግዳው ወደ ጉልበታቸው አዛወሩና፣

«ልጄ፣ መቅዳቱስ መልካም። ማስመስከሪያህ የት ነው?» አሉት።

«አልገባኝም የኔታ?»

«ድጓ የተማረ ሰው አገሩ ላይ ተምሮ ጨረስኩ አይልም። ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። የያዝከው ከዋናው ጋር መግጠሙን የሚመሰክርልህ ማነው?»

ልጁ ስለ አሻራው አስረዳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ፊደሉ አለመሳቱን ነው የሚመሰክር። ዋናው ራሱ የሳተ ለታስ?»

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የቤተ ክህነቱ ትምህርት አሠራር በእርግጥም የመስታወት አሠራር ነው። ድጓ የሚማር ተማሪ በየደብሩ ተበትኖ ይማራል፤ ማስመስከሪያው ግን ጋይንት፣ ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕቱም ዙር አምባ አለው። በግራኝ ዘመን መጻሕፍት ሲቃጠሉ የቤተልሔሙ ድጓ ተርፎ የሌላው ሁሉ ምንጭ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። አንድ ቦታ የተረፈ፣ በሚገባ የተጠበቀ ቅጂ ዞሮ ዋና ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2011 የሊኑክስ ኮድ ዋና ማኅደር የሚገኝባቸው ኮምፒውተሮች ተሰብረው እንደተገባባቸው ሲታወቅ ዓለም ያልተንቀጠቀጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሙሉውን ታሪክ በየቤታቸው ይዘውት ነበር፤ ሰርጎ ገቡ አንዲት መስመር ቢለውጥ አሻራው ከእነሱ ጋር አይገጥምም። ምንጩ ሲደፈርስ እንስራዎቹ መሰከሩለት።

የመሪጌታ ሁለተኛ ጥያቄ ግን ይቆጠቁጣል። ዋናው የሳተ ለታስ? ታማኝ መስታወት ፊት ለፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል፤ ቁስሉንም ጭምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 አንድ ፕሮግራመር ከአንድ ድርጅት ጋር ተጣልቶ የለጠፋቸውን ኮዶች ከጋራው ማኅደር አነሣ። ከመካከላቸው አንዱ 11 መስመር ብቻ ነበር፤ ቃል ከፊቱ ክፍት ቦታ ከመሙላት ሌላ ሥራ የለውም። በእሱ ላይ የተመረኮዙ ፕሮግራሞች ግን በዓለም ዙሪያ አልገነባ አሉ። ምንጩን በጭፍን የሚከተል መስታወት ቢኖር እሱም እኩል ያጠፋው ነበር። መሰረዝም ለውጥ ነውና።

ከዚያ የከፋ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ፣ ፋይል ለማመቅ የሚያገለግል ኤክስዜድ የሚባል የክፍት ምንጭ ፕሮግራም ላይ፣ ዓመታት ፈጅቶ የአርታኢዎቹን አመኔታ ያገኘ አንድ ሰው ስውር የጓሮ በር አበጀበት። ጤነኛ መስሎ፣ ፊርማና አሻራ ኖሮት ወጣ። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘግይቶበት፣ «ይህቺ ግማሽ ሰከንድ ከየት መጣች?» ብሎ ሲከታተል። መጋቢት 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። በየዕለቱ ያለ ጥያቄ የሚቀዱት መርዙን ቀድተው ነበር። ዘግየት የሚሉት ተረፉ።

«እንግዲያውስ የእኛ ኋላ ቀርነት በጀን በላ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቆይ አትቸኩል ወዳጄ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 «ኸርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ሲታወቅ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ማረሚያው ያኔውኑ ወጣ፤ የተጎዳው በአሮጌው ቅጂ ላይ የተኛው ነው። ያውም ቀዳዳው በአደባባይ ከታወጀ በኋላ፣ ሌባው ሁሉ አድራሻውን ካወቀ በኋላ። መቸኮልም ይገድላል፣ መተኛትም ይገድላል። ከሁለቱም የሚያድነው በየጊዜው ተመልሶ ወደ ምንጩ የሚሄድ፣ ሲቀዳም ውኃውን አየት አድርጎ የሚቀዳ ሰው ነው። የእህቴ ልጅ አሁን ሁለት ቅጂ ይይዛል። አንደኛው ምንጩን ይከተላል፤ ሁለተኛው በየወሩ መጨረሻ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጣል፣ አይነካም። ምንጩ ከታመመ ወደ ወሩ ይመለሳል። አዲስ እርማት ሲመጣም ምን እንደተወራበት ሳይጠይቅ ለተማሪ አያድልም። ለመሪጌታ ጥያቄ ያገኘው መልስ ይሄ ነው።

የማይለወጥ ቅጂ ጥቅም የለውም ማለቴም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍት ቅጂያቸው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ደርሷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በደርግ ዘመን በጥይት ተመተው ከተሽከርካሪ ወንበር ሳይነሡ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነዚያን መጻሕፍት ለመዘርዘርና ለማጥናት ነው። ከዚያ ወዲህ ብራናው በእሳት፣ በምስጥ ወይም በሌባ ከጠፋ ፊልሙ ይመሰክራል። የኮድ ሰዎችም ይህንኑ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ቀን 2020 የነበረውን የክፍት ምንጭ ኮድ 21 ቴራባይት ያህል በፊልም ቀርጸው፣ ኖርዌይ ስቫልባርድ በሚገኝ የተዘጋ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ፣ ለ1,000 ዓመት ይቀመጥ ብለው ቀብረውታል። መልካም ነው። ያ ግን አደራ ነው፤ ለማይታወቅ ትውልድ የተቀመጠ። ሞጣ ያለችው ልጅ ነገ ጠዋት ለምታቀርበው ሥራ ከበረዶ ሥር አትቀዳም።

እኛ አገር ችግሩ ሌላ ነው። እኛ አደራም ያልሆነ፣ መስታወትም ያልሆነ ነገር መትከል እንወዳለን። ዕቃው ይመጣል፣ ሪባኑ ይቆረጣል፣ ፎቶው ይነሣል፣ ቁልፉ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ ሰውየው ይዛወራል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን ፕላዝማ አስታውሱ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር። ስንት ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ተበላሽቶ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከፊቱ ጥቁር ሰሌዳ እንደገና እንደተንጠለጠለ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል። የእኛ የመምህራን ክፍልም ከዚህ አልራቀም። የሥነ ጽሑፍ ማስተማሪያ ጽሑፎቻችንን በየዘመኑ በተለቀቁ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች እናስመታ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም «ሀ»ን በራሱ ቁጥር ነው የሚያስቀምጣት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የጋራ መዝገብ ውስጥ ሲገባ አሮጌውን ወደ አዲሱ የሚያዛውር ሰው ያስፈልግ ነበር። አልተመደበም። ዛሬ እነዚያን ፋይሎች ስትከፍቷቸው የግጥም ትንታኔ ሳይሆን የቃለ አጋኖና የቅንፍ ክምር ነው የሚወጣው። ፋይሉ አልጠፋም፤ ዲስኩ ላይ አለ። ውኃው ግን አይጠጣም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ቅጂ መያዝ ሀብት አይደለም። ሀብቱ ቅጂውን ከምንጩ ጋር በየጊዜው የሚያስታርቅ ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው ደግሞ በሥራ መደብ ዝርዝር ውስጥ የለም። ለኮምፒውተር መግዣ በጀት አለ፤ ለምርቃት ድግስ በጀት አለ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቁጭ ብሎ ልዩነቱን ለሚቀዳ፣ ውኃውን አየት ለሚያደርግ ሰው ግን አምድ አልተሠመረለትም። ሥራው ሲሠራ አይታይም። የሚታየው ሲቋረጥ ነው፤ ያኔም የሚባለው «ኮምፒውተሩ እምቢ አለ» ነው። እንስራው በየማለዳው ሙሉ ሆኖ የሚያገኝ ቤተሰብ፣ ሴት ልጁ በሌሊት ምንጭ እንደወረደች የሚያስታውሰው የታመመች ቀን ብቻ ነው።

ይህንን የምጽፈው አንድ ቀን መምጣቱ ስለማይቀር ነው። የእህቴ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ ደግሞ ሞጣ ላይ አይከርምም። ባሕር ዳር ያይበታል፣ አዲስ አበባ ያይበታል፣ ከዚያም በላይ። «ስትሄድስ?» አልኩት በቀደም።

«ደብተር አለኝ ጋሼ» አለኝ። ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል የተማሪ ደብተር ነው። በየገጹ ቀን፣ የመጣው ጥቅል፣ ሰባቱ ምልክቶች፣ ማን እንዳመጣው፣ ምን እንደተበላሸ፣ እንዴት እንደተቃና ተጽፏል። ጽሑፉ ግማሹ የእሱ አይደለም። ሁለት ተማሪዎችን ተራ አስገብቷቸዋል፤ እሱ የሚያየው ከጨረሱ በኋላ ነው። አንድ ቀን ሁለቱ ሲሠሩ በሩ ላይ ቆሞ እንዳይናገራቸው ከንፈሩን ነክሶ እንደነበር ነገረኝ።

መደብ ይከፈት ብሎ ለማሠልጠኛው አመልክቷል። እኔ ይህን እስከምጽፍ መልስ አልመጣም። ባለፈው ሐሙስ ግን ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው፤ የልጅ እግር ሴት ድምፅ። ሰላምታዋን እንደ አገሯ ደንብ ሳታጓድል አድርሳ፣ «ጋሼ፣ መምህር ቢቸና ሄደው ነው፤ ዛሬ ተራው የኔ ነው። ወረቀት ይዘዋል?» አለችኝ።

ይዤ ነበር። «ፈረስ ቤት፣ ሦስት፣ እነማይ፣ ዜሮ፣ ደጀን፣ ደጀን፣ ስምንት» አለች። ልጄ ከላከችው ጋር ነጥብ በነጥብ ገጠመ።